ቃል የያዘው ተጫራች

ችሎት አስተናባሪው የወንድሜን ስም ጠራ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። ማንም አልተነሣም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርሁ። ተነሥቼ መናገር የኔ ድርሻ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ ግን ከወንበሬ አልተነቃነቅሁም። ያን ጊዜ ከፊት፣ ከተጠሪዎቹ ወገን፣ ኑረዲን ብድግ አለ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሙሉቀን የለም። ባለፈው ሳምንት ቀበርነው።»

ጠበቃው እጅጌውን ስቦ አስቀመጠው። እውነትም የባላጋራውን ሞት ለፍርድ ቤት ማሳወቅ የኑረዲን ሥራ አልነበረም። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ። ክሱ በወንድሜ ድርጅት ስም የተከፈተ ስለ ነበር በሞቱ አልተቋረጠም። መዝገቡ ለፍርድ ተቀጠረ። ወጣን።

ስለ ሙሉቀን ለመጻፍ ያሰብሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከትምህርት የቀረሁ ሰው ነኝ፤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። እየቆምሁ ነው የምጽፈው።

«አያ» ነበር የምለው። በኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም። ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ሻይ ቤት ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ጋር ይጣላል። የሬዲዮና የኔትወርክ ሥራ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተምሯል። ከዚያ በፊት ግን በልጅነቱ ከአባ ወልደ ትንሣኤ ዘንድ ዳዊት ደግሟል። ከሁለቱ ትምህርት የትኛው ሰው እንዳደረገው አላውቅም።

ሰው ሲያናግረው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። የሚከራከር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የዚያን ሰው ክርክር ራሱ ይናገርለታል። «አንተ የምትለው እንዲህ ነው፤ እንዲህም ብለህ ልትጨምርበት ትችላለህ» ብሎ ከባለቤቱ ይልቅ አሳምሮ ያቀርብለታል። የራሱን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከባጃጅ ሹፌር ጋር በዋጋ ሲከራከሩ የሹፌሩን ወገን በጣም አሳምሮ ተናገረለትና፣ ራሱ አምኖ የተጠየቀውን ከፍሎ ወረደ።

«አያ፣ ምን ነካህ?» አልሁት።

«ምን ላድርግ፣ ልክ ሆኖ አገኘሁት» አለኝ።

መንደራችን ከሐይቁ ማዶ ናት። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ነው የሚደረስባት። ያኔ ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ኮረብታ ጫፍ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም አንዳንድ ቀን። ሰው ሲታመም ጀልባ ለመጥራት እግረ ፈጣን ተመርጦ ወደ ኮረብታው ይላካል። እናታችን በታመመች ጊዜ የተላከው ሙሉቀን ነበር። እላይ ወጥቶ ቢደውል ቢደውል ስልኩ አልያዘለትም፤ ጀልባ ሳይደርስላት ቀረ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

ከዓመታት በኋላ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በሐይቁ ዙሪያና በደሴቶቹ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ለመምረጥ ጨረታ አወጣ። ፈቃዱ ለአንድ ተጫራች ብቻ የሚሰጥ ነው። አያ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ ጋር ድርጅት አቋቁሞ ገባ። ሌላው ብርቱ ተጫራች ኑረዲን ነበር። አባቱ ጀልባ ሠሪ ናቸው፤ እሱ በከተማው የታወቀ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ነው። ከአያ ጋር ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ አንድ ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጡ።

የጨረታው ደንብ፣ ተጫራቹ ምሰሶ ለሚተክልበት ቦታ ሁሉ ባለይዞታው መፍቀዱን እንዲያስረዳ ያዝዛል። አያ ለሌሎቹ ቦታዎች የተፈረመ ወረቀት ሰበሰበ። ዋናው ቦታ ግን ያ ኮረብታ ነው፤ መንደራችንም ሆነች ፊት ለፊቷ ያሉት ደሴቶች ያለ እሱ ኔትወርክ አይደርሳቸውም። ኮረብታው የቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ነው፤ አስተዳዳሪው አባ ወልደ ትንሣኤ ናቸው። የአያ መምህር፣ የቤተሰባችን የንስሓ አባት።

አብሬው ሄድሁ። አባ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር፣ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ሰሙት። ከሰሙት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ሰው ሲታመም ይጠቅማል ነው ያልኸኝ?»

«አዎን አባ።»

«እንግዲያው ቃሌን ሰጥቼሃለሁ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙት። ሽማግሌዎቹም «ሰምተናል» አሉ። በኛ አገር ነገሩ በዚህ አለቀ።

በጀልባ ስንመለስ «አያ፣ ወረቀትስ?» አልሁት።

ከሐይቁ ወደኔ ዞረ። «አንተ የንስሓ አባትህን "ይፈርሙልኝ" ትላለህ?»

«አልልም።»

«በቃ።»

በጨረታው ሰነድ ላይ፣ ከኮረብታው ስም አንጻር፣ አስተዳዳሪው በሽማግሌዎች ፊት በቃላቸው ፈቅደዋል ብሎ ጻፈ። የሽማግሌዎቹንም ስም ጨመረ። የተጠራጠረ መጥቶ ይጠይቅ ብሎ ነው።

ፖስታው ተከፈተ። ውጤቱ ገና ሳይለጠፍ ኑረዲን ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለችው ሱቃችን ጎራ አለ። ኑረዲን ሆዱ ወሬ አይችልም።

«ለጥቂት ነው የተረፍሁ» አለ እየሳቀ። «የግብር ክሊራንሱን ረስቼው ኖሯል። ከመሥሪያ ቤቱ ደውለው "ጎድሎሃል፣ ቶሎ አምጣ" አሉኝ። ሮጬ አስገባሁ። አንተንስ ደወሉልህ?»

«አልደወሉም» አለ አያ።

«እንግዲያው ያንተ ምሉእ ነው ማለት ነው። ወየው ለኔ።»

ሁለቱም ሳቁ። በሳምንቱ ውጤቱ ተለጠፈ፤ ኑረዲን አሸነፈ። ለኛ ደግሞ ደብዳቤ ደረሰን። ከጨረታው የወደቅነው በኮረብታው ምክንያት ነው። «ለዚህ ቦታ ምንም ማስረጃ አልቀረበም» ይላል።

አያ አነበበው። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። የሚያናግረው ሰው ግን አልነበረም።

«"በቂ አይደለም" ቢሉ አንድ ነገር ነው» አለ ቆይቶ። «"አልተጻፈም" ቢሉም እውነታቸውን ነው። "ምንም" ነው የሚሉት። አባ ምንም ናቸው?»

ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ አቀረበ፤ ውድቅ ሆነ። ክስ መሠረተ። የድርጅቱ ባልደረቦች ተሰላችተው «ተወው፣ ሌላ ጨረታ ይመጣል» አሉት። «ይምጣ» አላቸው። «ፈቃዱን ባላገኝም ግድ የለኝም። ይህች "ምንም" የምትል ቃል ግን መነሣት አለባት።» ጠበቃ የምንይዝበት አቅም ስላልነበረን፣ ሥራ አስኪያጅ ነውና ራሱ ቆመ። መሥሪያ ቤቱ ተከሰሰ፤ ፈቃዱ ሊነካበት ስለሚችል ኑረዲንም ከመሥሪያ ቤቱ ጎን ተጠሪ ሆኖ ገባ።

ከመጀመሪያው ቀጠሮ ስንወጣ በእግራችን ነበርን። የኑረዲን መኪና አጠገባችን መጥታ ቆመች።

«ከሳሼ፣ ግባ ላድርስህ» አለ። «ዳኛው በእግርህ ስትሄድ ካዩህ ያዝኑልህና ትረታኛለህ።»

«ጠበቃህ ካየ ግን የሚከስ አንተን ነው» አለው አያ፤ ገባ። እኔም ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ከየቀጠሮው በኋላ ዓባይ ማዶ ያለች አንዲት ሻይ ቤት መሄድ ልማድ ሆነ። ችሎት ውስጥ አንዱ ሲናገር ሌላው ይቃወማል፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። ሻይ ሻጯ እትዬ አበባ ነገሩን ሲሰሙ ተገረሙ። «እናንተ ቁራኛ ናችሁ እንዴ?» አሉ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው አንድ ላይ ተቋጥሮ ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱ።

«እኛን የቋጠረን የርስዎ ሻይ ነው» አላቸው ኑረዲን።

አንድ ቀን ግን ሳይስቅ መጣ። በሌሎቹ ቦታዎች ምሰሶ ተክሎ አገልግሎት ጀምሯል። የቀረው የኛ ወገን ነው። ኮረብታውን ለመለመን አባ ዘንድ ደርሶ መመለሱ ነበር።

«በክብር ተቀበሉኝ» አለ። «"የአባትህ ጀልባ አንድ ቀን አላራሰችኝም" ብለው መረቁኝ። ኮረብታውን ስጠይቅ ግን "ቃሌን ለሙሉቀን ሰጥቼዋለሁ፤ እሱ ሳይመልስልኝ ለሌላ አልሰጥም" አሉ። ፈቃዱ አሁን የኔ ነው ብላቸውም አልሰሙኝ። እባክህ መልስላቸው።»

«የቱን ቃል?» አለ አያ።

«አታሹፍብኝ።»

«አላሾፍሁም፣ ኑሩ። ምንም የለም ተብያለሁ። የሌለ ነገር እንዴት አድርጌ እመልሳለሁ? ከመለስሁት ነበረ ማለት ነው። ከነበረ ደግሞ ለምን ጣሉኝ?»

ኑረዲን የሻይ ብርጭቆውን በጣቱ ሲያዞር ቆየ። «ልክ ነህ» አለ በመጨረሻ። «ግን ሰዎቹስ?»

አያ ባርኔጣውን ደፍቶ ተነሣ። ሻዩንም አልጨረሰም።

ሰዎቹ ማጉረምረም ጀምረው ነበር። ማዶ ለማዶ ያሉት መንደሮች በስልክ ሲነጋገሩ የኛዎቹ ዛሬም ኮረብታ ይወጣሉ። ለቅዳሜ ገበያ በጀልባ የሚመጡት ሱቃችን ደጃፍ ቆመው «ያንተ ወንድም ተሸንፎም አላስኬድ አለን» ይሉኝ ነበር። እኔም አልቻልሁም። አንድ ቀን ሱቁን ስንዘጋ ጠየቅሁት።

«አያ፣ እናታችን እኮ…» አልሁ።

ቁልፉን እጁ ላይ እንደ ያዘ ቆመ። «ዐውቃለሁ» አለ። «የኑሩ ምሰሶ ነገ ቢቆም ከሁሉ በፊት ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። ዛሬ ዝም ብዬ ብመልሰው ግን፣ አባ ከዋርካው ሥር የተናገሩት ሁሉ ምንም ሆኖ ይቀራል። የኔ ብቻ አይደለም። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ሰው መሬት የሚያዋስነው፣ ልጅ የሚድረው፣ ደም የሚያደርቀው በቃል ነው። ትንሽ ታገሠኝ።»

በዚያው ሰሞን የሞተር ጀልባ ያለው አንድ ሰው አነጋግሮ፣ በሽተኛ ቢኖር እንዲያሻግር ሌት ሌት ከመንደራችን ዳርቻ እንዲያድር አስማማው። ወጪው ከሱቁ ነበር። ለሰው አላወራም። እኔም ለሚያጉረመርሙት ልንገር ስለው «ተው» አለኝ።

አሁን አያ ስለ ቃሉ ስለ ተከራከረበት የችሎት ቀን ልናገር። ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ የነበረብኝ እሱን ነበር።

ዳኛው አያን ጠየቁት። «ፈቃድ ተሰጥቶኛል ይላሉ። ምስክር አለዎት?»

«አለኝ፣ ክቡር ዳኛ። ግን አልጠራቸውም።»

«ለምን?»

ባርኔጣው በእጁ ነበር። «የሰጡኝን ቃል ለማስረዳት አባን ፍርድ ቤት አቁሜ ካስጠየቅሁ፣ መጀመሪያ ያላመንኋቸው እኔ እሆናለሁ። ሽማግሌዎቹም አባ ሳይናገሩ ቀድመው አይናገሩም።»

«እንግዲያው በምን ሊያስረዱ ነው?»

«አቶ ኑረዲን አንድ ነገር ይጠየቁልኝ። ፈቃዱ በእጃቸው ነው። ኮረብታው ላይ እስካሁን ምሰሶ ያልተከሉ ለምንድን ነው?»

የኑረዲን ጠበቃ ተነሥቶ ተቃወመ። ዳኛው አስቀመጡትና «ይመልሱ» አሉ።

ኑረዲን ተነሣ። ጠበቃውን አየ። አያንም አየ። «ባለይዞታው አልፈቀዱም» ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። እኔ ያንን ነበር የጠበቅሁ።

«አባ ቃላቸውን ለሙሉቀን ሰጥተዋል» አለ። «እሱ ካልመለሰላቸው ለኔ አይሰጡም።»

ጠበቃው እስክሪብቶውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

አያ አልፈገገም። እንደ ልማዱ ከባላጋራው ክርክር ጀመረ። «መሥሪያ ቤቱ "በጽሑፍ ያልሆነ ስምምነት ሊመዘን አይችልም፤ ሁሉም ቃል ተሰጠኝ እያለ ቢመጣ ጨረታ አይኖርም" ይላል። ጥሩ ክርክር ነው። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እለው ነበር። ነገር ግን ለአቶ ኑረዲን የጎደለውን ደውለው አስመጡ፤ እኔን አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ይህንኑ ነበር የምነግራቸው። ፈቃድና አቅም ያለውን ሰው ይኸው አንድ ቃል አግዶት ቆሟል። ምንም የሆነ ነገር ሰው አያግድም።» ተቀመጠ።

ያን ቀን ጠበቃው ከኑረዲን ጋር አልሄደም፤ ባጃጅ ጠርቶ ሄደ። እኛ ግን ሄድን። እትዬ አበባ «ማን ረታ?» ሲሉ ኑረዲን «እኔ ነኝ የተረታሁ፤ ገዳዬም ራሴ ነኝ» አለ። አያ በዚያ ቀን ብዙ ሳቀ። ያን ያህል ሲስቅ መጨረሻ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ጉበቱ ታሞ ኖሯል። ቆይቶ ነው የታወቀው። ሆስፒታል ሲተኛ ኑረዲን ስንቅ ይዞ ይመላለስ ነበር፤ ስለ ኮረብታው ግን አንድ ቀን አላነሣም። አንሥቶ የነገረኝ ራሱ አያ ነው። ከሰዓት ነበር። መስኮቱን እንድከፍት አዘዘኝ። ከፈትሁት።

«ቃሉ ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው» አለኝ። «ፍርዱ እስኪነበብ ያዘው። ያቺ ዐረፍተ ነገር ከተነሣች በማግስቱ አባ ዘንድ ሂድና መልስ።»

«ካልተነሣችስ?»

ዐይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር።

«ያኔ አንተ ታውቃለህ» አለ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሕመም አልጽፈውም።

ፍርዱ በተነበበበት ቀን ኑረዲን ከፊት ወንበር ተነሥቶ መጥቶ ከኔ አጠገብ ተቀመጠ። ዳኛው ቀስ ብለው አነበቡ። ፈቃዱ አይሰረዝም፤ አገልግሎቱ በብዙ ቦታ ተጀምሯል፣ ሕዝብ ይጎዳል። ኑረዲን ትንፋሹን ለቀቀ። እኔ መጠበቄን አልተውሁም። አንዱን ተጫራች የጎደለውን እንዲያሟላ ጠርቶ ሌላውን አለመጠየቅ ስሕተት ነው አሉ። ቀጠሉ። «ምንም ማስረጃ አልቀረበም» የሚለው እውነት አይደለም፤ ማስረጃ ቀርቧል፣ ያልተደረገው ማጣራቱ ነው፤ ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ «ምንም» የሚለውን ቃል ሰርዞ ደብዳቤውን ያርም።

ደረጃው ላይ ስንወርድ ኑረዲን ቆመ። «አየህ፣ ጠበቃዬ ረታን ይለኛል» አለ። «እኔ ግን የረታሁ አልመሰለኝም።»

«ነገ አባ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ጋሼ ኑሩ» አልሁት። «ጀልባ ካለህ አብረን እንሂድ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ቀድሞኝ ሄዶ የመኪናውን በር ከፈተልኝ።

በማግስቱ ተሻገርን። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ኑረዲን የቆዳ ቦርሳ በጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀመጠ፤ ጠበቃው ያዘጋጀው ወረቀት በውስጡ እንዳለ ዐውቃለሁ። አባ በሰው ተደግፈው ወጥተው ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። አርጅተዋል። ሽማግሌዎቹም መጡ፤ ከፊተኞቹ ሁለቱ ግን በሕይወት የሉም።

መስቀሉን ተሳለምሁ። መንገዱን ሁሉ ሳጠናው የመጣሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

«አባ፣ ለወንድሜ የሰጡትን ቃል መልሻለሁ» አልሁ። ይኸው ብቻ ወጣልኝ።

«ፍርዱ ምን አለ?»

«ቃልዎ ነበረ አለ፣ አባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተቀብያለሁ። ነፍሱን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።» ከዚያ ወደ ኑረዲን ዞሩ። «በል ልጄ፣ አሁን ጠይቀኝ።»

ኑረዲን ጠየቀ። ሰው ሲታመም ይጠቅማል አለ፤ አያ ያለውን ነው የደገመው። አባም «ፈቅጃለሁ» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ሰምተናል» አሉ። ኑረዲን አመስግኖ ቦርሳውን ሳይከፍት ሊነሣ ሲል አባ አስቆሙት።

«ወረቀቱስ?»

«አባ፣ ተዉት፤ ቃልዎ ይበቃኛል።»

«ለኔና ላንተ ይበቃል። ለነሱ አልበቃም፤ አይተነዋል። አምጣው ልፈርም።» እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። «ሙሉቀንም ቢያመጣልኝ እፈርምለት ነበር። አፍሮኝ ነው። እኔም ደንቡን አላወቅሁ። ምነው አንድ ቀን "አባ፣ ይፈርሙልኝ" ባለኝ።»

ኑረዲን ወረቀቱን አውጥቶ ቦርሳውን ከሥሩ አነጠፈላቸው። አባ ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየቀረጹ ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ወደኔ ገፉት።

«ምስክር ሁን» አሉኝ።

ስሜን ጻፍሁ። ቀጥሎ የአባታችንን ስም ጀመርሁ፤ የአያም ስም የሚያልቀው በዚያው ነው። እጄ ቆመ። ኑረዲን እስክሪብቶው ያለቀብኝ መስሎት ከኪሱ ሌላ አውጥቶ አቀበለኝ። እስክሪብቶው አላለቀም ነበር። ተቀበልሁትና ጨረስሁ።